በሚስቱ ካርድ

ክሊኒኩ ውስጥ ሁሉም ሰው «ሲስተር በግልጽ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ፊታቸው እየቆመች «እንግዲህ በግልጽ እንነጋገር» ስትል ሰምተዋታል። እሷም ስሙን አልጠላችውም። ከጀርባዋ ሊያወጡላት ይችሉ ከነበረው ሁሉ ይሄ ቀላሉ ነው ብላ ዝም አለች።

ንግግሯም በእርግጥ ግልጽ ነበር። የአባላዘር በሽታ በምን እንደሚተላለፍ፣ የትኛው በሽታ ሽንት ሲሸኑ እንደሚያቃጥል፣ የትኛው ደግሞ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሆድ ውስጥ ተደብቆ ማህፀን እንደሚጎዳ፣ መድኃኒት አጋምሶ መተው ምን እንደሚያመጣ፣ አንዱንም ሳታለባብስ ትናገራለች። ኮንዶም አጠቃቀም የምታሳይበት የእንጨት ሞዴል አላት። አንድ አናጢ ከበሽታው ሲድን ለምስጋና ቀርጾ ያመጣላት ነው። ሰውየው ከልቡ ሠርቶት ኖሮ መጠኑ ከልክ አልፏል፤ በዚያ ላይ ቫርኒሽ ቀብቶታል። ጠረጴዛው ላይ ባቆመችው ቁጥር ከወንዶቹ አንዱ አንገቱን ይደፋል፣ ከሴቶቹ አንዷ በእጇ አፏን ትይዛለች፣ ከዚያ ሳቁ ይፈነዳል። ሲስተርም እጇን አጣምራ ሳቁ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ሰዎቹ ከሳቁ በኋላ ጥያቄ መጠየቅ እንደሚጀምሩ ታውቃለች።

የትምህርቱ ዋና ነገር ግን ቀጥሎ የሚመጣው ልምምድ ነው። አግዳሚ ወንበሮቹን ፊት ለፊት ታዞራቸዋለች። አንዷ ሚስት፣ አንዱ ባል ይሆናሉ። ሚስቲቱ «ታምሜያለሁ፣ አንተም መታከም አለብህ» ማለትን ትለማመዳለች። ባል የሆነው ሰውዬም የምር ባል ይሆንና «ከየት አመጣሽው?» ብሎ ያፈጣል። ያኔ አግዳሚው ሁሉ መካሪ ነው። አንዷ ድምፅሽን ቀንሺ ትላለች፣ አንዱ ሆዱ ከሞላ በኋላ ንገሪው ይላል፣ ከጥግ ያለችው ደግሞ መጀመሪያ በሩን ክፍት አድርጊ ትላለች፤ ይህችኛዋ ምን አይታ እንዲህ እንዳለች ሁሉም ስለሚገባው ማንም አይስቅም። የዚያ ክፍል ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ እዚያ የተባለ እዚያው ይቀራል።

ሲስተር ይህን ዘዴ ከመጽሐፍ አላገኘችውም። ታናሽ እህቷ በወጣትነቷ ሌላ ክሊኒክ ሄዳ ሦስት ጊዜ ታክማለች፤ ሦስት ጊዜ ድና፣ ሦስት ጊዜ ወደዚያው ባሏ አልጋ ተመልሳለች። ባሏ አንዲት ክኒን አልዋጠም። ንገሪው ያላትም ሆነ እንዴት እንደምትነግረው ያሳያት ሰው አልነበረም። በመጨረሻ የማህፀኗ ቱቦ ተደፈነ፣ ሳትወልድ ቀረች፣ ባሏም መካን ናት ብሎ ፈታት። ዛሬ ሁለቱ እህትማማቾች አብረው ነው የሚኖሩት። ሲስተር ያን ሰውዬ መንገድ ላይ ባየችው ቁጥር እስከ ዛሬ ደሟ ይፈላል። ከሰውየው ይልቅ ግን የሚያናድዳት ሦስት ጊዜ መድኃኒት ሰጥቶ አንድ ጊዜ እንኳ ስለ ባሏ ያልጠየቃት ክሊኒክ ነው።

ባለፈው ዓመት ከዋናው መሥሪያ ቤት ገምጋሚ መጣ። ዕድሜው ሠላሳ ያልሞላ፣ ጨዋ፣ ላፕቶፑን እንደ ጨቅላ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ የሚዞር ልጅ ነው። የመጣበት ጥያቄ አጭር ነበር፤ ይህ የጋራ ትምህርት በሽታ ይከላከላል ወይስ የሥራ ሰዓት ይበላል? መቶ ሴቶችን ከሲስተር አግዳሚ መረጠ፤ መቶ ደግሞ በከተማው ሌላ ጫፍ ካለ ክሊኒክ። እዚያ ትምህርት የሚባል ነገር የለም፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን ብቻ ነው ያለው። ከዚያ በስድስት ወር ውስጥ ከየመቶው ስንቱ እንደገና ታሞ እንደመጣ ከካርድ ክፍል መዝገብ ሊቆጥር ነበር። ሲስተርም ደስ ብሏት ተባበረችው። ሥራዋን የሚያይላት ሰው ስትጠብቅ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው።

ውጤቱ የተነገረው ሰኞ ጠዋት፣ በክሊኒኩ ኃላፊ ቢሮ ነው። ከቴሌቪዥኑ ክሊኒክ በድጋሚ ታመው የመጡት ዘጠኝ ናቸው። ከሲስተር አግዳሚ ሠላሳ አንድ።

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ከላይ የመጣ ቁጥር ሲያይ ብቻ ነው ጉልበቱ የሚከዳው። ትምህርቱ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እንደሚቀር፣ በምትኩ ቴሌቪዥን እንደሚሰቀል፣ እሷም ሪፖርቱን እንድትፈርም ዓይኗን ሳያይ ነገራት። ቴሌቪዥኑም በካርቶኑ እንዳለ ከበሩ ኋላ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ቁጥሩ ሳይነገር ቴሌቪዥኑ መድረሱን ሲስተር አልሳተችውም።

የሠላሳ አንዱን የካርድ ቁጥር አሳዩኝ አለች። ገምጋሚው ላፕቶፑን አዞረላት። ከላይ ያለውን ቁጥር እንዳየች አወቀችው፤ የአንዲት ልብስ ሰፊ ታካሚዋ ካርድ ነው። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ድና ካበቃች ቆይታለች። ከዳነችም በኋላ በየረቡዑ እየመጣች ሚስት ሆና ሌሎቹን የምታለማምደው እሷ ናት፤ ከእሷ የተሻለ ሚስት አግዳሚው አያውቅም። ታዲያ በዚህ ካርድ ማን ነው ታሞ የመጣው ብላ ስታስብ ቀኑን አየችው። ያን ቀን የመጣው ባልየው ነው። ሁለተኛውንም ቁጥር አየች፣ ሦስተኛውንም። ባሎች ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በዚሁ በልብስ ሰፊዋ ባል ነበር። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አንገቱ ወፍራም፣ ድምፁ ጎርናና። ሚስቱ አግዳሚው ላይ ሦስት ቀን ተለማምዳ፣ በአራተኛው ነግራው፣ በሳምንቱ እየጎተተች እስከ ክሊኒኩ በር አደረሰችው። ከበሩ ግን አላልፍም አለ። እዚህ ክሊኒክ የራሱ ካርድ ያወጣ ሰው ስሙ ከነአባቱ ይጠራል፤ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ድምፅ ደግሞ ማይክ አያስፈልገውም፣ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ሹፌሩ ጎረቤቶቹ በተደረደሩበት ስሜ ከሚጠራ ብሞት ይሻለኛል ብሎ ድርቅ አለ። ሲስተር ሚስትየዋን አየች፣ እህቷ ትዝ አለቻት፣ ጊዜ አላባከነችም። በሚስቱ ካርድ ጻፈችው፣ በኋላ በር አስገባችው፣ መድኃኒቱን ሰጥታ ሸኘችው።

ወሬው ከባል ወደ ባል እንዴት እንደሄደ አታውቅም። ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ ወንዶች በኋላ በር መምጣት ጀመሩ፤ ሁሉንም በየሚስቶቻቸው ካርድ ጻፈቻቸው። ደንቡ እንደማይፈቅድ ጠፍቷት አይደለም። መድኃኒት እንዳይደራረብባት ብቻ በኪሷ በምትይዘው ትንሽ ደብተር ላይ የካርዱን ቁጥር እየጻፈች አጠገቡ «እሱ» ትላለች። እስከ ዛሬ ያን ደብተር ከእሷ ሌላ ማንም ገልጦት አያውቅም።

ቢሮው ውስጥ ደብተሩን ለራሷ ብቻ ገልጣ ከዝርዝሩ ጋር አስተያየች። ከሠላሳ አንዱ ሃያ ስድስቱ ባሎች ናቸው፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የታከሙ ባሎች። በእውነት እንደገና የታመሙት ሴቶች አምስት ብቻ ነበሩ። ይህንንም እዚያው ለሁለቱም ነገረቻቸው። ሥራዋ በጣም የሠመረበት ቦታ ላይ ነው ወደቅሽ የተባለችው።

ገምጋሚው እስከ መጨረሻው ሰማት። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

«ደብተሩን ይስጡኝ» አለ። «የምፈልገው ቁጥሩን ብቻ ነው። ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ።»

ሲስተር ደብተሩን ልትሰጠው እጇን ግማሽ መንገድ ልካ ነበር። ከዚያ መለሰችው።

«ቁጥሩ ካርድ ክፍል ሲደርስ ስም ይሆናል። እኔ ለእነዚህ ሰዎች ከእኔ ሌላ አንድ ሰው አያውቅም ብዬ ቃል ገብቻለሁ። አንተ ሌላ ሰው ነህ።»

«እኔ የማየው ለሥራ ነው፣ ሲስተር። ስማቸው ምንም አያደርግልኝም።»

«አውቃለሁ። ለእነሱ ግን ያደርጋል።»

ኃላፊው ትዕግሥቱ አለቀ። ያለ ደንብ መጻፍሽ ሳያንስ ማስረጃ ትደብቂያለሽ ወይ ብሎ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶው መታ መታ አደረገ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደሚጽፍባትም ነገራት።

«ይጻፉ» አለችው። «ደንብ ጥሻለሁ፣ አልክድም። የደብዳቤውን ቅጂ እፈርምልዎታለሁ። ይሄን ሪፖርት ግን እጄ ቢቆረጥ አልፈርምም።»

ገምጋሚው ሁለቱን በየተራ አየና፣ ሪፖርቱ ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ እንደሚላክ ተናገረ። እሱ የሚቆጥረው የተጻፈውን ነው። ደብተሩን ካላየ ሰዎቹ ራሳቸው መጥተው ሊነግሩት ይገባል፤ አለዚያ ሠላሳ አንድ ሠላሳ አንድ ሆኖ ይሄዳል። ሲስተር ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። ስማቸውን ፈርተው በኋላ በር የገቡ ወንዶች በፊት በር መጥተው ለመንግሥት ላፕቶፕ ሲናዘዙ ታያት።

አመሻሹ ላይ ቤት ስትገባ እህቷ የሲስተርን ጋውን እየተኮሰች ነበር። ሲስተር ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ጣለችና ሁሉንም ነገረቻት። መንገድ ላይ ሳለች ሌላ ሐሳብ መጥቶባት ነበር፤ ቁጥሮቹን በእጄ ከልዬ ገጹን ባሳየውስ? ግማሹን ቁጥር ብሰርዘውስ? ይህንንም ሳትደብቅ ተናገረች። እህቷ ካውያውን አቆመች።

«እትዬ፣ እዚያ የድሮው ክሊኒክ መዝገብ ላይ እኮ እኔ ሦስት ጊዜ ድኛለሁ» አለች። «ሄደሽ ብታዪው ሦስት ጊዜ ታክማ ድናለች ተብዬ ተጽፌያለሁ። አራተኛውን ጊዜ ስታመም ሰልችቶኝ ቤቴ ተኛሁ። ይሄ ልጅ ያኔ ቢቆጥረኝ ድነው ካልተመለሱት ጋር ነበር የሚደምረኝ።»

እህቷ ጋውኑን አጣጥፋ እላዩ ላይ ደብተሩን አስቀመጠችና፣ ነገ ማንም እንዳያየው ውስጥ ኪስሽ ክተቺው አለቻት።

ማክሰኞ ቴሌቪዥኑ ተሰቀለ። ረቡዕ ጠዋት ሲስተር ስትገባ በርቶ አገኘችው። ነጭ ጋውን የለበሰ መልከ መልካም ሰውዬ ጥርሱን እያሳየ «ሐኪምዎን ያማክሩ» ይላል፣ ሙዚቃ ይመጣል፣ ተመልሶ «ሐኪምዎን ያማክሩ» ይላል። ሐኪማቸውን ለማማከር ከንጋት ጀምሮ የተሰለፉት ሰዎች አንጋጠው ያዩታል። ሲስተር የመጀመሪያውን አግዳሚ በሁለት እጇ ያዘችና ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ አደረገችው። ሁለተኛውን ልብስ ሰፊዋ አገዘቻት። ሦስተኛውንማ የተቀመጡበት ሰዎች ራሳቸው ተነስተው አዞሩት።

«እንግዲህ በግልጽ እንነጋገር» አለች፤ ቴሌቪዥኑን ለመብለጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ያን ቀን ሞዴሉን አላወጣችም። ግምገማ እንደነበረ፣ በሚስቶቻቸው ካርድ የታከሙ ባሎች እንደ አዲስ ሕመም እንደተቆጠሩ፣ ጥፋቱ የአጻጻፏ እንደሆነ፣ በዚህ ምክንያት ይህ ትምህርት ዓርብ እንደሚያበቃ ነገረቻቸው። ደብተር እንዳላትና ለማንም እንደማትሰጥም ነገረቻቸው። ባሎቹ ራሳቸው ለገምጋሚው ካልነገሩት ቁጥሩ እንደማይስተካከል አልደበቀችም።

«ማንም እንዲመጣ አልጠይቅም» አለች። «አንዲቷም ባሏን እንድትለምን አልፈልግም። ከሌላ ከምትሰሙት ከእኔ ስሙት ብዬ ብቻ ነው። እኔ ዓርብም እዚሁ እቆማለሁ። ሰኞም እቆማለሁ። ሊያስወጡኝ ከፈለጉ ተሸክመው ያስወጡኝ፤ ኪሎዬ ደግሞ ቀላል አይደለም።»

አግዳሚው ሳቀ። ኃላፊው ጫጫታውን ሰምቶ ከቢሮው ብቅ አለ። ሃያ ምናምን ሰው ዞሮ ሲያየው ግን የቴሌቪዥኑን ድምፅ አንድ ነጥብ ጨምሮ ተመለሰ። ሲስተርም ድምፅዋን አንድ ነጥብ ጨመረች። ልብስ ሰፊዋ እንደ ልማዷ ሚስት ሆና አለማመደች፤ ስትወጣ ግን ሲስተርን አልተሰናበተቻትም።

ሐሙስ ከባሎቹ አንድም አልመጣም። ገምጋሚው ተራ መጠበቂያው ጥግ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ ተቀመጠ። ሲስተር የምታስተምረውንም፣ ልምምዱንም አየ፤ አንዷ ሚስት በሩን ክፍት አድርጊ የተባለች ጊዜ መተየቡን አቁሞ ቀና ሲል አይታዋለች። ማታ እህቷ እንዴት ሆነ ብትላት ትከሻዋን ሰበቀች።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ሲስተር ሞዴሉን አሳይታ፣ ሳቁ አልፎ፣ ልምምዱ ሊጀመር ሲል የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ድምፅ መጣ። የአንድ ሰው ስም ከነአባቱ ጠራች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰማው፤ ከመንገድ ማዶ ያለው ባለሱቅም ሳይሰማው አልቀረም። ሲስተር ስሙን ስታውቀው እጇ ላይ የያዘችው ሞዴል ሊያመልጣት ነበር። መምጣቱንም አላየችም፤ በፊት በር ገብቶ፣ ተሰልፎ፣ የራሱን ካርድ አውጥቶ ነበር።

«አቤት!» አለ ሹፌሩ።

ከኋላ ተነሳና በአግዳሚዎቹ መሐል አልፎ መጣ። ወፍራም አንገቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል። ከተቀመጡት መሐል ቢያንስ ሁለቱ ጎረቤቶቹ እንደሆኑ ከአተያያቸው ያስታውቃል። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ቀርታለች። ሹፌሩ ሲስተርን አላያትም፤ ቀጥ ብሎ ገምጋሚው ጠረጴዛ ፊት ቆመና አዲሱን ካርድ አስቀመጠለት።

«በሚስቴ ካርድ የታከምኩት እኔ ነኝ» አለ። ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ሞክሮ ነበር፤ አልተሳካለትም። «እሷ ድና ነበር። እሷን ያስያዝኳትም እኔ ነኝ። ለይተህ ጻፈኝ።»

ከላይ ከቴሌቪዥኑ ያ መልከ መልካም ሰውዬ ብቻ ሐኪምዎን ያማክሩ ይላል። ሲስተር የሹፌሩን ጀርባ እያየች እንባዋ መጣ፤ ማንም እንዲያየው ስላልፈለገች በጋውኗ እጅጌ ጠረገችው። ገምጋሚው ካርዱን አገላብጦ አየ፣ ከላፕቶፑ ጋር አስተያየ፣ አንድ ነገር ሰረዘ፣ አንድ ነገር ጻፈ።

«ሠላሳ» አለ።

ኃላፊው በቢሮው በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ክፋት በሌለው ድምፅ፣ እንዲያውም እያዘነላት፣ አንድ ሰው ምን ይለውጣል አላት።

ሲስተር የግድግዳውን ሰዓት አየች። ከዚያ አግዳሚውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ገና ሦስት ሰዓት ነው፤ ሪፖርቱ የሚሄደው በስድስት ነው» አለችው። ወደ ሹፌሩም ዞራ፣ «አንተ ደግሞ ና ተቀመጥ» አለችው፤ «ዛሬ ባል የሚሆን ሰው አጥተናል።»